ማንም ያላየው ሰማያዊ ስክሪን

አዛውንቱ አርክቴክት በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ፣ ፕላን ከሚያስቀምጡበት የብረት ሣጥን ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። የሣጥኑ ማዕዘን ደም ነክቶታል። መርማሪዋ ስትገባ ሦስት ሰዎች ግድግዳ ታክከው ቆመዋል። ሬሳውን አያዩም፤ እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። አስተያየታቸውም የሐዘንተኛ አስተያየት አይደለም።

መርማሪዋን በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ሳይሆን የነካችውን ሁሉ ስለምትወጋ ነው። ጎንበስ ብላ ሬሳውን ካየች በኋላ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ወድቀው ነው ወይስ ተገፍተው?»

«ተገፍተው ነው። ደረታቸው በልዟል።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ወዲያው አልሞቱም። የደረሰላቸው ሰው ቢኖር ሊተርፉ ይችሉ ነበር።»

መርማሪዋ ከሦስቱ አስቀድማ የሟቹን ልጅ ጠራች። ልጅቷም እንደ አባቷ አርክቴክት ናት፤ የምትሠራው ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል ነው።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ያልተጣላንበት ጠዋት አለ እንዴ? ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር የሚጮህብኝ እኔ ላይ ነው። አዲሱ ራም፣ ያ የማስታወሻ ካርድ፣ ከገባለት ወዲህ ትልቅ ፕላን ልክፈት ሲል ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ማሽኑ ድርግም ይላል። ራሙን ገዝቶ ያመጣው ሸሪኩ፣ መጠገን ያቃተው ያ ደነዝ ቴክኒሻን፣ ተሰዳቢዋ እኔ!»

«የትኛውን ፕላን ነበር የሚፈልጉት?»

«የተማሪዎች ማደሪያውን። ሕንፃው እየተሠራ ነው። የመጨረሻውን ፕላን ያዘጋጀው ሸሪኩ ስለሆነ አባዬ በዓይኑ ሊያየው ይፈልጋል። እግሩን ስለሚያመው ሸሪኩ ቢሮ ድረስ አይሄድም፤ የኔ ማሽን ደግሞ ያንን የሚሸከም አቅም የለውም።»

«ዛሬስ ምን ሰማሽ?»

«በስልክ ሲያወራ፣ ሲስቅም ሰማሁት። የሱ ሳቅ ብርቅ ነው። ስልኩን እንደዘጋ ሸሪኩ በግቢው በር ሲገባ በመስኮት አየሁ። ከዚያ የሁለቱን ጭቅጭቅ ላለመስማት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሙዚቃ ከፈትኩ። በሙዚቃው መሀል ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። የመጠባበቂያ ባትሪው ነው ብዬ ተውኩት።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም» አለች ልጅቷ፣ ራሷም እየተገረመች።

ቀጥሎ ሸሪኩ ገባ። በደረቅ መሐረብ ደረቅ ዓይኑን የሚያብስ፣ ሐዘን ላይም ቢሆን ፈገግታውን አጥፎ ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው ነው።

«ትቻቸው ስወጣ ደህና ነበሩ። ያው እንደ ልማዳቸው ኮምፒውተሩን እየረገሙ። ፕላኑን አብረን እንየው ብለን ብንከፍተው ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጠፋ። እኔ ሥራቸው እንዲፈጥን ብዬ በቅንነት ነበር ራሙን የሰጠኋቸው። ያ ቴክኒሻን ተብዬ ነው ያበላሸው። ሱቁ እዚሁ ፊት ለፊት ነው፤ ለምን እሱን አይጠይቁትም?»

«ዓይንዎ እያየ ነው ሰማያዊ የሆነው?»

«በእነዚህ በሁለቱ።»

«እንግዲያው ፕላኑን ሳያዩት ነው የሞቱት።»

«ምስኪን! እንደጓጉ ቀሩ።»

መርማሪዋ ጫማ ላይ እንደተጣበቀ ነገር አየችውና በሩን አሳየችው።

ቴክኒሻኑ የመሣሪያ ቦርሳውን ሊወስድ ሲመጣ ነው ፖሊስ ያስቀረው። ገና ሳይቀመጥ መከራከር ጀመረ።

«እኔ ሰው አልገደልኩም!»

«ገደልክ ያለህ የለም። ‹ደነዝ ነው› ነው ያሉህ።»

«ሽማግሌውም እንደዚያው ነበር የሚሉኝ። እኔ የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ነው ብዬ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት፤ አልሆነም። ቫይረስ ነው አልኩ፤ አልሆነም።»

«ኮምፒውተሩ መጥፋት የጀመረው መቼ ነው?»

«አዲሱ ራም ከገባ በኋላ።»

«ታዲያ ራሙን ለመጠርጠር ይህን ሁሉ ጊዜ ፈጀብህ?»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ሰበረ። «ትናንት ነው የገባኝ። አዲሱ ከድሮው ጋር አይስማማም። ቀላል ሥራ ላይ ችግር የለውም፤ ትልቅ ፕላን ሲጫንበት ግን ይወድቃል። ትናንት ሽፋኑን ፈትቼ ሳልገጥመው ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩና አዲሱን ንቀሉት አልኳቸው። ነቀሉት፤ ፕላኑ ተከፈተላቸው። ‹አንተን ያቃተህን በሁለት ጣቴ ጨረስኩት› ብለው ሳቁብኝ። ከአንተ ምክር ተቀበለ እንዳይሉኝ ለማንም እንዳታወራ አሉኝ።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። የኮምፒውተሩ ሽፋን ተገጥሟል፤ ብሎኖቹም አንድ በአንድ ጠብቀዋል። ብሎን መፍቻ አስመጥታ ከፈተችው። ውስጡ ሁለት ራም አለ። አቧራ የጠጣው የድሮው ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። የሚያብረቀርቀው አዲሱ ግን አንድ ጫፉ ገብቶ ሌላው ጫፉ ብድግ ብሏል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሬሳው እንዲነሳ አዘዘችና ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«እዚህ ቤት መናናቅ እንጂ መደማመጥ የለም» ብላ ጀመረች። «ሟቹ ቴክኒሻኑን ስለናቁት ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት መዳኑን ለማንም አልተናገሩም። ሸሪካቸው ደግሞ ሁላችሁንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ስለናቀ ውሸቱን እንኳ አስተካክሎ አልዋሸም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ...» አለ ሸሪኩ።

«ቆይ፣ ይደርስዎታል። ትናንት ቴክኒሻኑ ሽፋኑን ሳይገጥም ሄዷል። ዛሬ ተገጥሞ አገኘሁት። አባትሽ ብሎን ያጠብቁ ነበር?»

«እጁ ይንቀጠቀጣል» አለች ልጅቷ። «የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ሽማግሌው የነቀሉትን ራም መልሶ ሰክቶ ሽፋኑን ገጠመ። ለምን? ኮምፒውተሩ እስከ መጨረሻው እንደታመመ፣ ሽማግሌውም ፕላኑን ሳያዩት እንደሞቱ እንድናምን።»

«እኔ ሳለሁ እኮ ሰማያዊ ሆኖ ጠፍቷል!» አለ ሸሪኩ። «ምናልባት ራሳቸው መልሰው ሰክተውት ይሆናላ!»

«ይሁን፤ እንየዋ።»

ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ማሽኑን አበራ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ጠዋት የሰማችው ድምፅ ነው።

«ስክሪኑ ምን ቀለም ነው?» አለች መርማሪዋ።

ሸሪኩ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ መርማሪዋ ራሷ መለሰችለት።

«ጥቁር ነው። ራሙ ተወላግዶ ስለተሰካ ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አይነሳም። እርስዎ የመጡት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ኮምፒውተር ወይ ራሙ ወጥቶለት ደህና ይሠራ ነበር፣ ወይ ራሙ ተወላግዶበት ጨርሶ አይነሳም ነበር። በሁለት ዓይንዎ ያዩት ሰማያዊ ስክሪን በየት በኩል ገባ?»

ቴክኒሻኑ አዲሱን ራም ነቅሎ ማሽኑን እንደገና አስነሳው። ፕላኑ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ አንዱን ፎቅ አጉልታ አየች፤ ሌላውንም አየች።

«ምሰሶዎቹ ቀጥነዋል» አለች። «ብረቱም ተቀንሷል። ይሄ አባዬ የሠራው አይደለም። ይሄ እኮ ይፈርሳል! ልጆች ናቸው የሚተኙበት!»

«ሕንፃውን ከሚገነባው ተቋራጭ ጋር ከብረቱ የሚተርፈውን ሊካፈል ተስማምቶ መሆን አለበት የቀነሰው» አለች መርማሪዋ። «ራሙን ሲሰጥ ተንኮል አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ግን ሲሳይ ሆነለት፤ ሕንፃው እስኪቆም ማንም ፕላኑን አያይበትም። ዛሬ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ጠበቀው።»

የሸሪኩ ፈገግታ በመጨረሻ ከፊቱ ጠፋ። «ዕድሜ ልኬን ሻንጣ አሸከሙኝ! አንድ ቀን እንኳ ቁጭ በል አላሉኝም! ዛሬም ‹አንተን ብሎ ምሰሶ አዋቂ› ብለው ሳቁብኝ። ገፋ አደረግኳቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«ይሆናል። ስትገፋቸው ልትገድል አላሰብክ ይሆናል። ግን ሲወድቁ ነፍሳቸው አልወጣም ነበር። ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ናት፤ አንድ ጊዜ ብትጮህ ትመጣ ነበር። አንተ እሳቸው ወለሉ ላይ እያቃሰቱ ብሎን ታጠብቅ ነበር።»

እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችው መርማሪ «አንተ» ያለችው ተቆጥታ አልነበረም። ከዚህ በኋላ አክብሮት ልታባክንበት ስላልፈለገች ነው። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዞራ አላየችውም።

ቴክኒሻኑ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ልጅቷ እንደ ቆመች ቀረች።

«ሄጄ ባየው ኖሮ...» አለች።

«አዎ» አለች መርማሪዋ። ልታጽናናት አልሞከረችም። «ማደሪያው የት ደርሷል?»

«ዛሬ የላይኛው ፎቅ ኮንክሪት ይሞላል።»

ይህን ስትል የራሷ ቃል አስደነገጣት። ስልኩን አንስታ ወደ ሥራ ቦታው ደወለች። ፎርማኑ እየጮኸ አነሳው።

«ሥራ አቁም» አለችው። «ከምሰሶዎቹ በላይ ያለውን ሰው ሁሉ አውርድ።»

«አንቺ ማን ነሽና? እኔን የሚያዙኝ አባትሽ ናቸው። እሳቸው ይንገሩኝ!»

«አባቴ ሞቷል» አለች። «ሰዎቹን አውርድ።»

ከወዲያ የኮንክሪት ማደባለቂያው ይጮሃል፤ ወንዶች ይጠራራሉ። ልጅቷ ስልኩን አልዘጋችም። ማደባለቂያው እያጓራ ቀነሰ፤ ቀነሰና ጸጥ አለ። እሷ ግን የመጨረሻው ሠራተኛ መውረዱን ፎርማኑ እስኪነግራት ድረስ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።