የሁለተኞች ክፍል

ልጁ የሞተው በሞዴል ፈተና መሃል፣ ሁለት ጓደኞቹ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሰሌዳው ሥር በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ቦርሳው ተገልብጦ ደብተሩ፣ ማስመሪያውና ትርፍ ካልሲው ሳይቀር ወለሉ ላይ ተበትኗል። አስም ነበረበት። ኢንሄለሩ የተገኘው ግን የለበሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው።

«ምስኪን! ኪሱ ውስጥ እያለለት!» አሉ ከሟቹ ጋር ስትፈተን የነበረችው ልጅ እናት። በፈተና ቀን ለልጆቹ ውሃና ብስኩት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ኪሱን ገለበጠችና ነጭ ገበሩን ትኩር ብላ አየችው።

በዚህ ቤት አንድ አስተማሪ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሦስት ልጆች መርጦ ያዘጋጃል። ፈተናው ነገ ነው። ለሦስቱ የቀረበው የነፃ ትምህርት ዕድል ግን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የሚወስደው ነገ ሌሎቹን የበለጠው ነው።

መጀመሪያ ወሬ ስለማያልቅበት «ሬዲዮ» የሚባለውን ልጅ ጠራች።

«ሲያጣጥር አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ እንጂ፣ እትዬ! ግን ጋሼ፣ አስተማሪያችን፣ እንዳንዘናጋ ሊያለማምደን በፈተና ሰዓት ሆን ብሎ ይረብሸናል። ጣሳ ይጥላል፣ ያስላል። አንዴማ ወለሉ ላይ ሲንፈራፈር ደንግጬ ቀና ብል አሥር ነጥብ ቀነሰብኝ። ዛሬም የሱ ድራማ መስሎኝ ነው።»

«ጎበዝ ነህ?»

«ሁለተኛ ነኝ» አለ ድምፁን ቀንሶ። «አንደኛው ማን እንደሆነ ግን ጋሼ ትንፍሽ አይልም።»

እጁን እንዲዘረጋ አዘዘችው። መልስ በእርሳስ ሲያጠቁር ስለዋለ ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ጥቁር ናቸው።

የልጅቷም ጣቶች እንደዚያው ነበሩ። አላለቀሰችም።

«ሰምተሽዋል?»

«ሠላሳኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«ሰምቻለሁ። ቀና ብል ሰዓት ይባክናል። ሁለተኛ ነኝ፤ የማባክነው የለኝም።»

አስተማሪው ሲናገር ጠመኔ ከመዳፉ ይራገፍ ነበር።

«ግቢ ወጥቼ ስልክ እያወራሁ ነበር። ደወሉን ልደውል ስገባ ወድቆ አገኘሁት፤ ትከሻውን ይዤ ገለበጥኩት። ሁሉም ሮጠው መጡ።»

በሟቹ ጃኬት ትከሻ ላይ የሁለት እጅ ነጭ አሻራ ታትሟል። ከደጅ የሟቹ አባት ጩኸት ይሰማል፤ «ሁለተኛ ነበር እኮ ልጄ! ሁለተኛ!»

መርማሪዋ ጆሮዋን ወደ ደጅ አቅንታ ቆየች። ከዚያ አባትየውን ጨምራ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ኢንሄለሩ ኪሱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቦርሳውን አይበትንም ነበር» ብላ ጀመረች። «አንድ ሰው ከፈተናው በፊት ከቦርሳው አወጣው፤ ልጁ ከሞተ በኋላ ደግሞ በግርግሩ መሃል ኪሱ ውስጥ ከተተው።»

«ማን?» አለ ሬዲዮ።

«አፍህን ዝጋና ስማ። የኪሱ ገበር ነጭ ነው። የተማሪ እጅ ቢገባበት ይጠቁር ነበር፤ ግን አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። ስለዚህ እናንተ ሁለታችሁም፣ ሟቹ ራሱም እጃችሁን አላስገባችሁም። መምህሩ ደግሞ የነኩት ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ የኪሱ ክዳን ግን ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ነው። አስከሬኑ አጠገብ ከነበሩት ንጹሕ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እናትየው እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«ውሃ ያስቀመጡበትን ክፍል ከዚህ የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሲያጣጥር ይሰሙት ነበር።»

«እንዲሞት አይደለም! አቋርጦ እንዲወጣ፣ ለነገ እንዲፈራ ብዬ ነው። ስሰማውማ ልሰጠው ተነስቼ ነበር። በሩን ብከፍት ግን ልጄ ቀና ትላለች ብዬ ፈራሁ።»

«ለምን መለሱት?»

«ጠፋ ከተባለ ምርመራ ይነሳና የነገው ፈተና ይራዘማላ።»

«ለምን እሱን መረጡ?»

«አንደኛው እሱ ነዋ! ልጄ ሁለተኛ ናት። ይሄ ለፍላፊ መቼም አንደኛ አይሆን!»

መርማሪዋ ወደ አስተማሪው ዞረች። «ሦስቱም ሁለተኛ ተብለዋል። እውነቱን ይንገሯቸው እንጂ።»

«ሁሉንም ሁለተኛ ነህ፣ ሁለተኛ ነሽ ነው የምላቸው» አለ ሰሌዳውን እያየ። «ከፊቱ ሰው እንዳለ የሚያስብ ተማሪ አይተኛም።»

«አንደኛው ማን ነበር?»

«የሳቸው ልጅ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«የሞተውስ?»

አስተማሪው አባትየውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «መጨረሻ።»

አባትየው ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ደብተር ከወለሉ አነሱ። ልጅቷ ገና ያኔ ማልቀስ ጀመረች። አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን የያዛቸው እናቷ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«አታልቅሺ የኔ ልጅ፣ ዓይንሽ ያብጣል። ነገ ፈተና አለሽ።»

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ በሩ አልዞረችም።

«ጋሼ» አለች፣ «በስንት ነጥብ ነው የምበልጣቸው?»