እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ

ይሄን ከፊልም ቀድቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ሻርጃ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። የሆነባት ሴትዮ ዱባይ፣ ሙሀይስና፣ እኔ በምኖርበት ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። አልጋችን ተደራራቢ ነው፤ እሷ ታች፣ እኔ ላይ። ማመን ያቃተው ይተወው። እኔ ግን ስትነግረኝ የተሰባበረ ጥፍሯን አይቻለሁ...

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አናት የሚበሳ የሐምሌ ፀሐይ።

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ አይመጣም የምትሉ ካላችሁ... ቆዩኝ።

ስሟ ሐመልማል ነው። ዓጅማን፣ አል ጁርፍ ካለ አንድ የጽዳት ድርጅት ተቀጥራ በሰዓት የሰው ቤት ታጸዳለች። መኪና ያደርሳታል፣ መኪና ይመልሳታል።

ታናሽ እህት ነበረቻት። ሎዛ።

ሎዛ ሻርጃ አንዲት ማዳም ቤት እያደረች ትሠራ ነበር። አምና ከማዳሟ ሐማም፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሬሳዋ ወጣ። ለቤተሰብ የተነገረው ወሬ አጭር ነው፦ «በረኪናና አሲድ ቀላቅላ በጭሱ ታፈነች። ጥፋቱ የራሷ ነው።» ኸላስ፣ አለቀ። በሣጥን ተጫነች፣ አገሯ ገባች፣ ተቀበረች።

ሐመልማል አላመነችም።

እህቷ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሥራውን ያስተማረቻት ራሷ ስለሆነች ነው። ሎዛ ገና እንደመጣች ሐመልማል ማታ ማታ የድምፅ መልእክት እየላከች ነበር የምታስተምራት። «ሎዚዬ፣ ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ከውስጥ ጀምረሽ ወደ በር ውጪ። በረኪና ለብቻው፣ አሲድ ለብቻው፤ ሁለቱ አንድ ወለል ላይ እንዳይገናኙ። ሐማም ስትገቢ ደግሞ በሩን ክፍት አድርጊው፤ ማዳም ብትጮህም አትዝጊው።»

ጽዳት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይቺን ለራሳችሁም ያዟት። ማዳሞቹ «ኤሲው እንዳይወጣ በሩን ዝጊ» ይሏችኋል። የእነሱ ቅዝቃዜ ከእኛ ሳንባ ይበልጥባቸዋል። አትዝጉ! ቢፈልጉ ያባሯችሁ።

ሎዛ ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር። ጓንት ሳታደርግ ዕቃ የማትነካ ልጅ ነበረች ይላሉ። እንዴት ትቀላቅላለች?

ስለዚህ ሐመልማል የነበረችበትን ጥሩ ቤት ትታ ወደ ጽዳት ድርጅቱ ገባች። ድርጅቱ ሎዛ ወደሞተችበት ሕንጻ የጽዳት ሠራተኛ እንደሚልክ ሰምታ ነው። ሹፌሩን ጀይላንን ለመነችው። ጀይላን የጅማ ልጅ ነው፣ አንጀቱ አይችልም። የዚያ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ ስሟን አስገባላት።

መኪናው ከሕንጻው ሥር ሲቆም ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ሐመልማል... እዚህ ቤት ሰው አይበረክትም። ያመጣኋት ሁሉ ሳትጨርስ ነው የምትወርደው።»

«ምን አይታ?»

«ወላሂ አይናገሩም። ብቻ ተመልሰን አንገባም ይላሉ።» ደግሞ «ሙሽኪላ እንዳታመጪብኝ፣ ችግር አልፈልግም» አላት።

«ከማዳሟ አፍ አንድ ቃል ነው የምፈልገው፣ ጀይላን። በሩን ማን እንደዘጋው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዋሽታዋለች።

ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከጨርቆቹ ሥር፣ አንድ ጠርሙስ በረኪናና አንድ ጠርሙስ አሲድ ነበር። ሁለቱም አዲስ፣ ክዳናቸው ያልተፈታ። ለወለል አልነበረም የያዘቻቸው።

ማዳም በሩን ከፈተች። ሽቶ ውስጥ የተነከረች፣ ጥፍሯ የተሠራ፣ መልከ መልካም ሴት ናት።

«ሜሪ! ያላ፣ ቶሎ! አረፈድሽ!» አለቻት በዓረብኛ።

የሐመልማልን ስም አልጠየቀችም። ለእሷ የምታጸዳ ሁሉ ሜሪ ናት። ሎዛም እዚያ ቤት ሜሪ ነበረች።

ክፍሎቹን እየመራች አሳየቻት። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ በመጨረሻ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ሐማም። እዚያ ስትደርስ ግን ማዳም አልገባችም። ከሩቅ በጣቷ ጠቆመች።

«በረኪና ቤቴ እንዳይገባ። ሽታው አልወጣ ብሎኛል። ስንት ሰው አመጣሁ፣ አልወጣም። አንቺ ካስወጣሽው በየሳምንቱ አንቺን ነው የማስመጣው።»

ሐመልማል ወደ ውስጥ አየች። ሰድሩ፣ ሴራሚኩ ላይ የተሳሉት ቢጫ ሎሚዎች... በቪዲዮ ስንት ጊዜ አይታቸዋለች። ሎዛ እነሱ ፊት ቆማ እየሳቀች ነበር የምትደውልላት።

የበሩን ጉበን ይዛ ቆመች።

«ያላ፣ ሹግል፣ ወደ ሥራሽ!» አለች ማዳም፤ ስልኳን እያየች ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች።

ሐመልማል ሥራ ጀመረች። እጅ የለመደውን ይሠራል፤ ከበሩ አናት ጀምራ አቧራውን ማንሳት ያዘች። በውጭ በኩል ስትወርድ ግን ጨርቋ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረጋት።

ጎንበስ ብላ አየች።

የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው። በነጭ ስቱኮ ተደፍነው ቀለም ተቀብተዋል። ከሩቅ አይታዩም። በጣቷ ስትዳብሳቸው ግን የመቀርቀሪያ ቦታ መሆኑ ገባት።

መቀርቀሪያው የነበረው ከውጭ ነው።

የሐማም በር በውጭ በኩል መቀርቀሪያ ካለው፣ እህቶቼ፣ ባልዲያችሁን አንስታችሁ ውጡ። ምክንያት አትጠይቁ።

ሐመልማል ግን አልወጣችም። ደሟ ፈላ። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሶቹን በእጇ ነካቻቸው... መለሰቻቸው። መጀመሪያ ቃሏን ልስማ አለች።

ውሃ ልትቀዳ ባልዲዋን ስታነሳ ከበዳት።

ሞልቷል።

ባዶውን ነበር ያስቀመጠችው። እጇን ነከረች። ለብ ያለ ነው፣ ለወለል የሚሆን፣ ልክ የምትወደው ሙቀት። ማዳም ናት እንዳትል፣ ማዳም ባልዲ ነክታ አታውቅም።

«ዘንግቼ ነው» አለች ለራሷ።

ማጠቢያው ላይ የወረወረችውን ጨርቅ ልታነሳ ዞረች። ታጥፏል። ለሁለት፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት... አንዱ ፊቱ ሲቆሽሽ በሌላው ለመቀጠል ሐመልማል ሎዛን ያስተማረቻት አስተጣጠፍ ነው።

ሽታውም መጣ። በረኪና... ከዚያ የሚያቃጥል ነገር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ ቦርሳዋ ሮጠች። የሁለቱም ጠርሙሶች ክዳን እንደታሸገ ነው።

ተንበርክካ ብሩሿን አነሳች፤ ሌላ የምታደርገው አጣች። አንዱን ሰድር ፈተገች። ወደ ቀጣዩ ስትሄድ...

ተፈትጓል። እርጥብ ነው። ያብረቀርቃል።

ወደሚቀጥለው እጇን ሰደደች። እሱም።

ከዚያ ድምፁን ሰማችው። ሽክ... ሽክ... ሽክ... ከጎኗ፣ ከትከሻዋ አጠገብ፣ ሌላ ብሩሽ እየሠራ ነው። ከላይ ወደ ታች። ከውስጥ ወደ በር።

«ሎዛ?»

ብሩሹ ቆመ።

«እትዬ... ቀስ በይ። ትሰማናለች።»

ሐመልማል ጮኸች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልጮኸችም። አለቀሰች። «የኔ ቆንጆ፣ ምን አድርጋሽ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ራሷ ትንገርሽ... ጥሪያት።»

«አትገባም። ትፈራለች።»

«ሽታው ወጣ በያት።»

ወዲያው ሽታው የለም። አንዳች የሚሸት ነገር የለም።

ሐመልማል ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ተጣራች። «ማዳም! ወጥቷል። ነይ እይው።»

ማዳም መጣች። ከበሩ ቆማ በአፍንጫዋ ሳበች። ፈገግ አለች። አንድ እርምጃ ገባች፤ እንደ ማዳሞች ሁሉ ጣቷን ሰድሩ ላይ ልታሳርፍ፣ አቧራ ፈልጋ ልትቆጣ...

በሩ ተዘጋ።

ሐመልማል ከውጭ ነች። እጇ በሩ ላይ አልነበረም። ትምላለች። እኔም አምናታለሁ።

«ሜሪ! ክፈቺ!»

እጀታው ይዞራል፤ በሩ ግን አይንቀሳቀስም። መቀርቀሪያ የለም... የተደፈኑት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። በበሩ ሥር ሽታው መውጣት ጀመረ።

«ሜሪ! ዓይኔን! ወላሂ እሞታለሁ!»

«ሜሪ አይደለሁም» አለች ሐመልማል፣ አፏን ወደ በሩ አስጠግታ። «ሐመልማል ነኝ። እዚያ ውስጥ የሞተችው የሎዛ እህት።»

እጀታው መዞሩን አቆመ።

«በሩን ማን ዘጋው?»

ሳል። ከዚያ ለቅሶ። ከዚያ ቃሉ መጣ። አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል።

«እንግዶች መጥተውብኝ ነበር... እድፉ አልለቅ አለ። እሷ በረኪና አፍስሳለች፤ ቶሎ እንዲለቅ ብዬ አሲዱን እኔ ጨመርኩበት! አላወቅሁም! እያሳለች ወጣች... ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ነው... መልሼ አስገባኋት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ እዚያው ሁኚ አልኳት። ቀረቀርኩት።»

«አላንኳኳችም?»

«አንኳኳች...»

«አንቺስ?»

«ቴሌቪዥኑን ጮክ አደረግኩት።»

ሐመልማል ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተች። ቦርሳዋ ከጎኗ ነው። ጠርሙሶቹን መንካት አላስፈለጋትም።

«ለማዳሟ አዘንሽላት?» ብዬ ሐመልማልን ጠይቄያታለሁ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ። «ደስ አለኝ። አንጀቴ ራሰ። ከዚያ ነው የፈራሁት... ይህን ያህል ደስ ስላለኝ።»

ማዳም እየደከመች ነው። ሳሏ እየቀጠነ መጣ። ሐመልማል በእጇ በሩን ዳበሰችው።

«ኸላስ ሎዚዬ። ሰማሁ። እናታችንም ትሰማለች። አሁን ክፈቺላት።»

ምንም የለም።

«ሎዛ... ነፍሰ ገዳይ ሆነሽ እንድታርፊ አልፈልግም። ክፈቺላት።»

ያን ጊዜ ድምፁ ከበሩ ሌላ ወገን መጣ። ቀጭን፣ ታዛዥ፣ ሎዛ ማዳሟ ፊት እንደምታወራው።

«እንግዶቹ አልሄዱም፣ እትዬ።»

ሐመልማል ወደ ሳሎኑ ዞረች።

ሳሎኑ ባዶ ነው። ትራሶቹ ራሷ እንዳስተካከለቻቸው ናቸው። ግን ከዚያ... የብዙ ሴቶች ሳቅ መጣ። ስኒ ከስኒ ይጋጫል። አንዷ ተረብ ታወራለች፣ ሌሎቹ ያውካካሉ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ሳለ ድምፁ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ...

ተነስታ በሩን ገፋች። በትከሻዋ መታችው። በመወልወያው እንጨት ልትፈለቅቅ ሞከረች። ልትገድላት የመጣችው ሴት ናት፤ አሁን ነፍሷን ለማትረፍ ጥፍሯ እስኪደማ ትታገላለች። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። የውጪው በር ሲከፈት ሳቁ ቀጥ አለ።

ጀይላን ነው። ስልኳን ባታነሳለት፣ ዕቃ ላግዝ ብሎ ወጥቷል።

«ምን ሆነሻል? እጅሽ ምን ሆነ?»

«ውስጥ ናት... አልከፈት አለኝ...»

ጀይላን ወደ በሩ ሄደ። በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው።

ተከፈተ። ወለል ብሎ።

ሽታ የለም። ጭስ የለም። ማዳም በሕይወት አለች። ደፉ ላይ፣ ከእነሱ ፊት ለፊት ተንበርክካለች። ዓይኗ ፈጥጧል፤ ወደ እነሱ ነው፤ ግን አያያቸውም።

ጀይላን ክንዷን ይዞ ሊያወጣት ሞከረ። አልቻለም። ጎልማሳ ወንድ ነው፤ አንዲት ቀጭን ሴት ከደፉ ማሳለፍ አቃተው። እጁ ያልፋል፣ የእሱ እግር ያልፋል፣ እሷ ግን አንድ የማይታይ ነገር ላይ ትጋጫለች።

ማዳም ከአማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ስንት ዓመት ሐበሻ ስታሠራ አልለመደችም። ያን ቀን ግን ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ክፈቱልኝ...» አለች።

ጡጫዋን አነሳች። በተከፈተው በር፣ በባዶው አየር ላይ መታች።

ኳ... ኳ... ኳ...

የእንጨት ድምፅ ነበር።