ስድስተኛው መስመር

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ያመነም ያላመነም ያንብበው... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ግንቦት ነው። ቅዳሜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው አሪቻ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ።

የቡናው ሥራ ጥር ላይ ካለቀ ወዲህ ግቢው ጭር ብሏል። ሠራተኛው ተበትኗል፣ ማሽኑ ሸራ ለብሷል። ቡናው የሚዘፈዘፍባቸው ስምንት ገንዳዎች ደርቀው ቅጠል ሞልቷቸዋል። የቀረነው ጥበቃዋ እኔና የአሥር ዓመት ልጄ ቤቴል ብቻ ነን።

ስሜ ሸዋነሽ ነው። እስከ አምና ድረስ በጣቴ ነበር የምፈርመው። አሁን የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። አማርኛውን አነባለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ ከልጄ ጎን ቁጭ ብዬ እለቃቅማለሁ።

ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ልጄ በእኔ እንዳታፍር።

የዚያን ቀን የቤት ሥራዋ እንዲህ ይላል፦ ስድስት የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጉ። እያንዳንዱ ቃል አምስት ፊደል ብቻ ይኑረው። ከአምስቱ ውስጥ ኢ እና ቲ የሚባሉት ፊደሎች ይኑሩበት።

በማስመሪያ ሳጥን ሠራሁላት። አምስት አምስት ሳጥን፣ ስድስት መስመር።

«እማ፣ አንድም አልመጣልኝም» አለች እስክሪብቶዋን እየነከሰች።

«አትንከሺው፣ ቀለሙን ይተፋብሻል። አስቢ።»

«አንቺስ አታስቢም?»

«እኔ ሳጥን ሠሪ ነኝ።»

ሳቀች።

ዝናብ ጣለ። የታጠበ ልብስ ውጪ ስለነበር ሁለታችንም ተሯሩጠን ሰበሰብን። ስንመለስ...

የመጀመሪያው መስመር ተሞልቷል።

«እማ! ዋተር! ውሃ ማለት እኮ ነው!» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

እኔ አልጻፍኩም።

ግን ዓይኗን ብታዩት... እንደዚያ ኮርታ አይታኝ አታውቅም።

ዝም አልኩ። ፈገግም አልኩ።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ንፋስ በሩን በረገደው። ልንዘጋው ዞር አልን። ስንመለስ ሁለተኛው መስመር ሞልቷል።

«ኳየት! ጸጥታ! መምህር ሙሉጌታ ስንንጫጫ የሚለን እሱን ነው። እማ፣ ተደብቀሽ ነው እንዴ የምታጠኚው?»

ላጲስ ወደቀባት። ጎንበስ ብለን ፈለግን። ሦስተኛው።

«ኤይት። ስምንት።»

የልጄ እስክሪብቶ ሰማያዊ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ቡናማ ነው... እርጥብ። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት።

የገንዳ ሽታ። ቡና ውሃ ውስጥ ሲብላላ የሚሸተው፣ ኅዳር ላይ ግቢውን የሚሞላው ሽታ።

ግንቦት ላይ።

አራተኛው ሞላ። አምስተኛው ሞላ። እጅ አላየንም። ዓይናችንን ነቀል ባደረግን ቁጥር ቃሉ ተጽፎ ይጠብቀናል።

ስድስተኛው ብቻ ባዶ ቀረ። ሆን ብዬ ዞር አልኩ። መልሼ አየሁ። ባዶ።

ሌላ ጊዜ ዞርኩ። አሁንም ባዶ...

እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። ብሞላው የሚያበቃም መሰለኝ።

በእንግሊዝኛ አሳምሬ የምጽፈው ቃል አንድ ብቻ ነው። የውጤት ካርዷን ስቀበል እንዳላፍር ሦስት ወር የተለማመድኩት። እስክሪብቶውን ተቀበልኳት።

ቢ... ኢ... ቲ... ኢ... ኤል።

አምስት ፊደል። ኢም አለው፣ ቲም አለው።

«ቤቴል! የእኔ ስም ይሆናል እንዴ!» አጨበጨበች። «ግን መምህር ስም አይቀበልም፤ ኤክስ ነው የሚያደርግብሽ!» ከዚያ ጣቷን አራተኛው ላይ አሳረፈች። «ይሄኛውን ግን አላውቀውም። ምን ማለት ነው?»

«ቆይ... ጨው አልቆብናል። ገዝቼ ስመለስ እነግርሻለሁ።»

ጨው ነበረን። «አላውቅም» ማለት ነው ያቃተኝ። ፊደሎቹን መዳፌ ላይ ገልብጬ፣ ልጄን ብቻዋን ትቼ ወጣሁ።

ሱራያ መንገድ ዳር ያለውን የአባቷን ሱቅ የምትጠብቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ደብተር ጠፍቶ ነው እጅሽ ላይ የምትጽፊው?» ሳቀችብኝ። «ዴፕዝ ይላል። ጥልቀት። ፈተና አለብሽ እንዴ?»

«ሌሎችም አሉ... ዋተር፣ ኳየት፣ ኤይት። ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ኢንተር።»

በጣቷ ቆጠረች። «ውሃ። ጸጥታ። ስምንት። ጥልቀት። መግባት።» ሳቋ ቆመ። «እትዬ... እናንተ ጋ ስምንት ምን አለ?»

ጥያቄዋን ሳትጨርስ መሮጥ ጀምሬ ነበር።

ክፍሉ ባዶ ነው። ደብተሩ እንደተከፈተ ነው። አምስቱ ቃላት አሉ።

ስድስተኛው መስመር ላይ ግን ስሟ የለም። ሳጥኖቹ እስክሪብቶ ነክቷቸው የማያውቅ ይመስል ነጭ ናቸው።

«ቤቴል!»

ዝናቡ ብቻ።

ስምንተኛው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯን አንስታለች።

ሰባቱ ገንዳዎች ባዶ ናቸው። ስምንተኛው እስከ አፉ ሞልቷል። ዝናቡ ይወርድበታል፣ ውሃው ግን አይነቃነቅም። ጠብታው ሲያርፍበት አይታይም፣ አይሰማም።

ወገቧን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ጭቃው ላይ ወደቅን። ትተነፍሳለች። ገላዋ ይሞቃል። ልጄ ናት።

«ቤቴል... ቤቴልዬ...»

አየችኝ። ከዚያ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብላ ውሃውን አየች።

ሱራያ ተከትላኝ መጥታ ኖሮ ጃንጥላዋን ይዛ ኋላዬ ቆማለች።

«ቤቴል!» ብዬ ጮኽኩ።

«አቤት፣ እማ።»

የልጄ ድምፅ ነው። ግን ከእቅፌ አልመጣም።

ከገንዳው ውስጥ ነው።

«እትዬ...» አለች ሱራያ በሹክሹክታ፣ «በአላህ... እንዳትደግሚው።»

በሳምንቱ ሥራውን ትቼ ዲላ ገባን። ልጄ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ትከራከረኛለች። «ልጄ» ስላት ትመጣለች። ስሟን ግን አታውቀውም። እኔም አልጠራውም።

መስከረም ላይ አዲስ ትምህርት ቤት አስገባኋት። ስሟ ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው ነው፤ ምን ላድርግ? የመጀመሪያው ቀን ልቤ አልችል ቢለኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

አስተማሪዋ ስም መጥራት ጀመረች። አንዱ «አቤት» ይላል፣ ሌላው «አቤት» ይላል...

«ቤቴል?»

ልጄ ዴስኩን በጥፍሯ መቧጨሯን ቀጠለች።

ክፍሉ በሙሉ ግን አንድ ላይ ዞረ። ወደ ልጄ አይደለም... በመስኮቱ በኩል፣ ግቢው ጥግ ወዳለው የውሃ ታንከር።