ሳይመዘገብ የተወራው ፕላስተር

የዩኒቨርሲቲውን የሕክምና ፈጠራዎች ለኩባንያዎች በፈቃድ በሚሰጠው ቢሮ ውስጥ አንዱን ሠራተኛ «ቁልፉ» ይሉታል። ሥራው የተመራማሪዎችን አፍ ማዘጋት ነዋ! ፈጠራው የባለቤትነት ማመልከቻ ሳይገባለት በአደባባይ ከተወራ መብቱን ውሃ በላው ማለት ነው።

አንዲት ተመራማሪ የመጣች ቀን ግን ቁልፉ ላላ።

ተመራማሪዋ ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት ፕላስተር ሠርታለች። ተራው ፕላስተር ሲነሳ ስስ ቆዳቸውን ይልጠዋል፤ የእሷ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው በራሱ ይለቃል። የእህቷ ልጅ ገላ ሲላጥ ካየች ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ክንዷ ላይ ለጥፋ አሳየችው።

«አየኸው?»

«አየሁ» አለ። ያየው ግን ዓይኖቿን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በማመልከቻው አሳበው በየጊዜው ተገናኙ። የማያስፈልግ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ እያወቀች ትመልስለታለች። አንድ ኩባንያም ብቻውን ሊያመርተው ተስማማ።

ማመልከቻው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እሱ አንድ የሕክምና ጉባኤ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሐኪም ስለ ሕፃናቱ ቆዳ መላጥ አውርቶ «ለዚህ ችግር መፍትሔ የለም» ብሎ ሲደመድም እጁን አወጣ። ምን እንደነካው እንጃ፤ ፕላስተሩ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚለቅ፣ ማን እንደሠራችው አንድ በአንድ ዘረገፈው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሲቀመጥ ያደረገው ገባው።

ከቢሮው ማንም አልነበረም፤ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ውሎ አድሮ ኩባንያው ቢሰማ፣ አወራች ተብላ የምትዋረደው እሷ ናት። በማግስቱ ቤተ ሙከራዋ ሄዶ ነገራት።

«አንተ? አንተ ራስህ?»

«እኔው ነኝ። ለኃላፊዬም ለኩባንያውም ዛሬውኑ እናገራለሁ። ቢያባርሩኝም...»

«ምን እንደምሠራ እናቴን እንኳ እየዋሸኋት ነው የኖርኩት እኮ! አሁን ማን ይሠራዋል? ሕፃናቱስ?»

ፊቷን አዞረች።

ማንም ሊሠራው የሚችለውን ነገር ኩባንያው ምን ያደርገዋል፤ ጥሎ ሄደ። ቁልፉም ከቦታው ተነስቶ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ስልኩን አላነሳችለትም፤ እሱ ግን ከሥራ ሲወጣ የፕላስተር ፋብሪካዎችን በር ማንኳኳት ያዘ። አብዛኞቹ ሳቁበት። በመጨረሻ አንዲት የጥጥና የፋሻ ፋብሪካ ባለቤት «መብቱ የማንም ካልሆነ እኔስ ምን ከለከለኝ?» አሉት። አሠራሩን የሚያሳያቸው ሰው ሲፈልጉ የተመራማሪዋን ስልክ ሰጣቸው፤ የእሱን ስም እንዳያነሱ አደራ ብሎ። ሴትየዋ ግን ነገሯት።

ፕላስተሩ መጀመሪያ በተሞከረበት ቀን ደውላ ጠራችው። ከሕፃናት ክፍሉ መስታወት ውጭ ጎን ለጎን ቆሙ። ነርሷ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክራ የአንዱን ሕፃን ደረት ዳበስ አደረገችው፤ ፕላስተሩ ለቀቀ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም። ተመራማሪዋ አለቀሰች።



«አንድ ነገር ልንገርሽ?» አላት።

«እንደምትወደኝ ከሆነ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያን ቀን ገብቶታል» አለችው እጁን ይዛ። «ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። በል ንገረኝ።»