የማዳም ሃሊና «መታሁ»

አቶ ድንበሩ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው የሰገነቱን ወንበሮች በጨርቅ ወለወሉ፤ ፒያሳ ያለው ያ የጥንት የእንጨት ቤት የፖላንድ ምግብ ቤት መሆኑ ከቀረ ከአርባ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የአስተናጋጅ እጅ ጡረታ አያውቅም። ዛሬ ደግሞ ቤቱን በቅርስነት የምትመዘግበው ወይዘሪት ማስተዋል ደብተሯን ይዛ መጥታለች። ከተመዘገበ አይፈርስም፤ ካልፈረሰ ምድር ቤቱን የሚቆፍር የለም።

«እስቲ ስለ ምግብ ቤቱ ባለቤት ያጫውቱኝ፣ ጋሽ ድንበሩ።»

«ማዳም ሃሊና! ወይ ጊዜ!» አሉ፤ ደስታቸው የውሸት አልነበረም። ቀይ ሥር ሾርባዋን፣ ሰዉ «የፖላንድ ሳምቡሳ» ይለው የነበረውን ቅቅል ሊጥ፣ ምድር ቤት በበርሜል ውስጥ ድንጋይ ተጭኖት የሚኮመጥጠውን ጥቅል ጎመን አወሩላት። ወደ እንግዶቿ ልትወጣ ስትል ሽርጧን አራት ቦታ አጥፋ በርጩማዋ ላይ ታስቀምጥ ነበር። «አማርኛዋ ደግሞ! ‹ጠ› አይሆንላትም። ሲጠሯት ‹መጣሁ› ለማለት ‹መታሁ!› ትላለች። ደንበኞቹ ‹ማንን መቱ፣ ማዳም?› ሲሏት፣ ‹ገና ነው› ትል ነበር።»

ማስተዋል ሳቀች። «መጨረሻዋስ?»

«አገሯ ገባች። በአብዮቱ ጊዜ።»

ይህን ብዙ ጊዜ ከመናገራቸው የተነሣ እውነት እውነት ይላቸው ጀምሯል። ወታደሮች ሲፈልጓት ምድር ቤት የደበቋት እሳቸው ነበሩ፤ «ይጠብቁኝ፣ መጣሁ» ብለው ከውጭ ቆለፉባት። ወታደሮቹ በዚያው ቀን ሄዱ። እሷ ሦስት ቀን አንኳኳች። ቤቱ በወሩ ለእሳቸው ተሰጠ፤ ቁልፉ እስከ ዛሬ ከኪሳቸው አልወጣም።

«ጎመን ጥደዋል እንዴ?» አለች ማስተዋል አፍንጫዋን ወደ ደረጃው አዙራ።

«አልሸተተኝም» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሸቷቸዋል፤ መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጆንያ ቀጠን ብሎ፣ ቀጥሎ ምላስ ሥር ምራቅ እስኪያመጣ ኮምጥጦ፣ አሁን ደግሞ በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ሁሉ እየተነፈሰ።

ከእግራቸው ሥር ከባድ ድንጋይ ቀስ ብሎ ሲጎተት ተሰማ።

«ምድር ቤትም አለው? ልየው እንጂ!»

«አይጥ ነው። አንቺ እዚሁ ቆይ፣ መጣሁ።»

የዛገው ጓጉንቸር ትናንት ዘይት እንደጠጣ ሁሉ በእሺታ ተከፈተ። ቁልፉን እዚያው ሰክተውት፣ በስልካቸው ብርሃን እየተመሩ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው ይልቅ እየቀዘቀዘ፣ ጨለማው እየረጠበ፣ ሽታው ጉሮሮ እያነቀ ወረዱ። ድንጋዩ ከበርሜሉ ወርዶ ወለሉ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። አጥንት ይኖርበታል ብለው ይህን ሁሉ ዘመን ሊያዩት ወደ ፈሩት ጥግ መብራቱን አዞሩ። በርጩማው ብቻ ነበር። በላዩ ነጭ ሽርጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ነኩት፤ ይሞቃል።

ከላይ በሩ ገጠመ።

«ማስተዋል! የኔ ልጅ! ኧረ ክፈችልኝ!»

«ጠብቀኝ፣ ድንበሩ» አለ የሴት ድምፅ ከበሩ ወዲያ። ‹ጠ›ዋ እንደሚሰበር ሸክላ ጥርት ያለች ነበረች፤ አርባ ዓመት በጨለማ መቀመጥ ለመለማመድ በቂ ነው። ከዚያ ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ፤ ድምፁም እየራቀ፣ ምንም ፊደል ሳይሳሳት፣ «መታሁ» አለ።