የጎደለው ስድብ

መርማሪዋ ሻምበል ባሻ ኦናጃ ፓውሊን ስትደርስ አስከሬኑ አንሶላ ለብሶ፣ ሞተሩ ግን እንደወደቀ ነበር። የፊት ጎማው ከፎርኬላው ተነቅሎ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ማሽላ አገዳ ውስጥ ተሰንቅሯል። ነፋሱ ቀዩን አቧራ እያነሳ አንሶላው ላይ ይበትናል። ውድድራቸው የተቋረጠባቸው ሞተረኞች መንገድ ዳር ተኮልኩለዋል። አንዱ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሌላው ያጠፋል፤ መሄድም መቆየትም ያቃታቸው ይመስላሉ።

ባሻ ኦናጃም ብትሆን አንድ ቦታ መቆም አትወድም። የኮላ ፍሬ እያኘከች ሬሳውን ዞረች፣ ሞተሩን ዞረች፣ ተመልሳ ሬሳውን ዞረች።

ሟቿ ቶዬ ሮዚን ነች። የዚሁ የኪዬሬ መንደር ልጅ፣ በብሔረሰቧ ሳሞ ናት፤ ዋጋዱጉ ውስጥ የሴት ሞተረኞች ማኅበር ትመራ ነበር። መንደሯ በዓመት አንድ ጊዜ ለስድስት ሰዓት የሚቆይ የሞተር ግልቢያ ያዘጋጃል። ትናንት ሦስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ሦስቱም ሞሲ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ጎማው ወጣ፤ እሷም ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመች።

«አልቋል፣ ባሻ» አለ ሃምሳ አለቃ ኖምብሬ። አቢጃን ተወልዶ ያደገና አምና አገሩ የገባ ወጣት ነው። «ገዳይዋን ይዣታለሁ። ሳዋዶጎ አዜታ ትባላለች፣ መካኒካቸው ናት። እኩለ ቀን ላይ መኪና መጥቶ ወደ ዴዱጉ ከተማ ይወስዳታል።»

«በምን ያዝካት?»

«ጎማውን የሚይዘው ፔርኖ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ የለም፤ ተፈትቷል። ብሎን የምታጠብቀው እሷ ናት፣ ከመነሻው በፊት መጨረሻ ላይ ያየችውም እሷ ናት። ይባስ ብሎ ሮዚን ልትነሳ ስትል ‹ዛሬ ሳልቀብርሽ አልገባም!› ብላ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«መንደሩ ሰምቶ ምን አለ?»

ኖምብሬ ትንሽ ተንተባተበ። «ሳቁ።»

«ለምን እንደሳቁ አልጠየቅህም?»

«ሞሲና ሳሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው ተባልኩ። ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ መቀየም ነውር ነው አሉኝ። ግን ባሻ፣ በቀልድ ተሸፍኖ እውነት መናገር የለም?»

«አለ» አለች ኦናጃ። «ለዚህ ነው መኪናውን ያላስቀረሁት።»

ከዚያ ፔርኖውን ጎንበስ ብላ አየችው። ጫፉ ላይ ደማቅ ቀይ ቀለም ተሰምሯል።

«ይኸን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ። ‹ይኼ ቀይ ቀለም የማን ነው?› ብዬ ሁሉም ባሉበት ጠየቅሁ። አዜታ የኔ ነው አለች።»

ኦናጃ ሌላ አልጠየቀችም። መንገዱን ወደኋላ ይዛ እንደ ቸኮለ ሰው ሄደች፤ ዓይኗ ግን ከመሬት አልተነሳም። አራት መቶ እርምጃ ያህል ርቃ የጎማ ዱካ ውስጥ ዳዶውን አገኘችው። በመሐረብ አንስታ ወደ ብርሃን ስታዞረው ማኘኳን አቆመች።

*

አዜታ በመንደሩ ትምህርት ቤት የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቷ ደረቷ ደርሶ ተቀምጣለች። እጇ ታስሯል።

«ባሻ፣ መቼ ነው የሚቀብሯት?» አለች፣ ገና ምንም ሳትጠየቅ።

«ከሰዓት በኋላ።»

«መኪናው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ነው።» የታሰሩ እጆቿን ወደ ኦናጃ ዘረጋች። «እሰሩኝ፣ ግድ የለም፤ እውነቱ ይወጣል። ግን ከቀብሩ በኋላ አይሆንም? ሳሞ ሲሞት ሞሲው መጥቶ ሬሳውን መስደብ አለበት። አሥራ አንድ ዓመት ስንሰዳደብ ኖረናል። ሰዳቢ እንደሌላት ዝም ብላ ትሂድ?»

«መጀመሪያ ስለ ቀዩ መስመር ንገሪኝ።»

«የጥፍር ቀለም ነው። ዳዶ ካጠበቅሁ በኋላ ከዳዶው እስከ ፔርኖው አሰምራለሁ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ በቁልፍ መነካካት አያስፈልገኝም፣ በዓይኔ ብቻ አውቃለሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«አየሁት። ቀጥ ያለ ነበር። በእናቴ፣ ቀጥ ያለ ነበር!»

«ሌላ ሰው ያየዋል?»

«ማንም። ጓደኞቼ እንደማየው ያውቃሉ እንጂ ራሳቸው አያዩም። ሮዚንማ ‹ሞተሬን ለሠርግ ኳልሽልኝ› እያለች ትስቅብኝ ነበር።»

«ከሞተሮቹ የተለየሽው መቼ ነው?»

«ጎህ ሲቀድ። ከግቢው ሴቶች ጋር ልሰግድ ሄድኩ። መሣሪያዎቼን እዚያው ትቼ።»

ኦናጃ ሁለት ነገር ከኪሷ አወጣች። አንደኛው ከሮዚን ቦርሳ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ የተገኘ የእጅ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። «ይኼስ?»

«የጭቃ መከላከያ፣ የፓራፋንጎ ስባሪ ነው። የሮዚን ግን አይደለም፤ የሷ ሰማያዊ ነው።» አዜታ ግራ ገብቷት ቀና አለች። «ቦርሳዋ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሁለተኛው ዳዶው ነበር። አዜታ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ተመለከተችው፤ ፊቷም ተለዋወጠ።

«ባሻ፣ ይኼ ሁለት መስመር አለው!»

«ዝም በይ» አለች ኦናጃ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

*

ውድድሩን የሚያስነሱት የሮዚን አጎት መምህር ድራቦ ናቸው። በእጃቸው ያለውን የማስነሻ ባንዲራ እስካሁን አላስቀመጡትም።

«መምህር፣ ሮዚን ልትነሳ ስትል ጓደኞቿ ያሏትን ልክ እንዳሉት ይንገሩኝ።»

«አዜታ ‹ዛሬ ሳልቀብርሽ አልገባም› አለች። ሮዚንም ‹መቆፈር የት ታውቂያለሽ፣ የሞሲ ሰነፍ› አለቻት። ያቺ ፒካፕ የምትነዳዋ፣ ማርሴሊን፣ ‹መንገድ ላይ ውሻ ካየሽ ጭንቅላቱን ልትበዪ እንዳትቆሚ› ብላ ተሳደበች። እኛ ሳሞዎች የውሻ ጭንቅላት እንወዳለን ይሉናል መቼስ።» ትንሽ ፈገግ አሉና ፈገግታው ጠፋ። «ሦስተኛዋ፣ ዴልፊንም ውሃ አቀበለቻት።»

«ዴልፊን ምን አለች?»

«‹እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ እህቴ› አለቻት።»

«ሌላስ?»

«በቃ፣ ይኸው ነው። ጨዋ ልጅ ናት።» መምህሩ የራሳቸውን ቃል ሲሰሙ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይገርማል... ሞሲ ሆና።»

*

ማርሴሊን አዋላጅ ናት፤ አምሳ ዓመት አልፏታል። ከፒካፑ ጎን ቆማ አሥር ጊዜ በሩን ትከፍታለች፣ አሥር ጊዜ ትዘጋለች።

«እትዬ ማርሴሊን፣ ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«ጓሮ ውሃ አሞቅ ነበር። ዴልፊን ተኝታለች። ቢያንስ ስወጣ ተኝታ ነበር።»

ኦናጃ የማርሴሊንን ጥፍሮች አየች፤ ከሥጋው እኩል ተቆርጠዋል። ከዚያ አንገቷን ወደ ፒካፑ ውስጥ አስገባች። ትንፋሽ የሚያቃጥል ሽታ ነበር።

«ቤንዚን ነው?»

«እኔም እሱ መስሎኝ ነበር። ለካ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነው። ሃምሳ አለቃው ስለ ቀለሙ ከጠየቀ በኋላ ዴልፊን ራሴን አዞረኝ ብላ እዚህ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ስትወጣ ሸተተኝ።»

«ትናንት መንገድ ላይ ፎቶ ተነስታችኋል?»

«ያኮ ከተማ ላይ ሥጋ ስንበላ።» ማርሴሊን ስልኳን አወጣች። አራቱም የሥጋ እንጨት እንደ ሰይፍ ይዘው ይስቃሉ። የዴልፊን ጥፍሮች እንደ ቢሳፕ መጠጥ የጠቆረ ቀይ ናቸው።

ካቦሬ ዴልፊን ደግሞ ከሞተሯ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሞተሯ አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ መልኩን በልቶታል። የፊተኛው ፓራፋንጎ ብቻ አዲስ ነው።

«ከሮዚን ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» አለቻት ኦናጃ ከላይ ሆና።

«በፍጹም። እሷን የሚጠላ የለም።»

«አዜታስ?»

ዴልፊን እጆቿን ብብቷ ስር ሸጎጠች። «አዜታ አፏ ክፉ ነው። ልቧን እኔ አላውቅም።»

ኦናጃ ተራመደች፤ ተመልሳ መጣች። «ብርድ ብርድ አለሽ እንዴ? በዚህ ፀሐይ?»

*

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሁሉንም በመምህር ድራቦ ግቢ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሰበሰበቻቸው። ሮዚን እዚያው ቤት ውስጥ ተገንዛ ሣጥን ገብታለች። መኪናው ከበር፣ የዴልፊን ሞተርም ከዛፉ ሥር ቆመዋል። ኖምብሬ አዜታን አምጥቶ ከፊት አስቀመጣት።

«ከዳዶው እንጀምር» አለች ኦናጃ፣ በሰዎቹ መሐል ወዲያና ወዲህ እያለች። «አዜታ አጥብቃ፣ በደማቅ ቀይ አስምራ ነበር። ፔርኖው ላይ ያ መስመር አለ፤ አንድ ብቻ። ዳዶው ላይ ግን ሁለት ነው። አንዱ ደማቅ፣ ተፍቆ የቀረ። ሌላው አዲስ። አንድ ሰው ዳዶውን ሲያላላ መስመሩ ተሰበረበት። አሮጌውን ፋቀና አዲስ ቀባ፤ ከፔርኖው ጋር ቀጥ እንዲል።»

«አዜታ ራሷ ልትሆን ትችላለች» አለ ኖምብሬ።

«አዲሱ መስመር የተቀባው ማንን ለማታለል ነው? መስመሩን የሚያይ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሷም አዜታ ናት። እሷ ብታላላው ኖሮ ለማን ብላ ትቀባለች? ለራሷ ዓይን?»

ኖምብሬ ወደ ዳዶው ጠጋ ብሎ ሁለቱን መስመሮች አየ።

«ስለዚህ ገዳይዋ አዜታ እንዳታይባት የፈራች ናት። ይህን ከሚያውቁት፣ አዜታ ስትሰግድ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ነበሩ። ከሁለቱ የትኛዋ ናት? እኔን ወደ አንዷ ያዞረኝ አንድ የጎደለ ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት አዜታ ሮዚንን ሰደበቻት። እትዬ ማርሴሊንም ሰደበቻት። አንዲት ሞሲ ግን የቀልድ ዘመዷን በአክብሮት፣ ‹እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ እህቴ› ብላ ሸኘች።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዴልፊን ዞረ።

«ደግ መናገር ወንጀል ሆነ?» አለች ዴልፊን።

«አልሆነም። በእሱ አላስርሽም። ግን የት ማየት እንዳለብኝ ነገረኝ። ትናንት ያኮ ላይ ጥፍርሽ የጠቆረ ቀይ ነበር። የዳዶው አዲስ መስመርም የጠቆረ ቀይ ነው። ሃምሳ አለቃው ስለ ቀለም ሲጠይቅ ፒካፕ ውስጥ ገብተሽ ጥፍርሽን አጠብሽ። ጓደኛሽ አንሶላ ለብሳ መንገድ ላይ ተኝታ! እጅሽን ከብብትሽ አውጪ።»

ዴልፊን ቀስ ብላ አወጣች። ጥፍሮቿ ባዶ ናቸው፤ ከሥሮቻቸው ጥግ ግን ቀጭን የጠቆረ ቀይ ክር ቀርቷል።

«ለምን?» ብላ ጮኸች ማርሴሊን። «ምን አድርጋሽ?»

ኦናጃ አረንጓዴውን ስባሪ ከዴልፊን አዲስ ፓራፋንጎ አጠገብ ይዛ አሳየች። «በዝናቡ ወራት ኩዱጉ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዱ ሽማግሌ ተገጭተው ሞቱ። የገጫቸው አልቆመም። አረንጓዴ ፕላስቲክ ተገኝቷል የሚል ማስታወቂያ ለየጣቢያው ደርሶ ነበር። ሮዚን የቀረውን ስባሪ አግኝታ ደበቀችው። አልከሰሰችሽም፤ ራስሽ እስክትናገሪ ጠበቀችሽ። አይደለም?»

ዴልፊን ስባሪውን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ሰኞ አብረን ጣቢያ እንሄዳለን አለችኝ። እጅሽን ይዤ እገባለሁ አለች። እምቢ ካልሽ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ አለች።» እጆቿን መልሳ ብብቷ ስር ሸጎጠች። «ጠዋት ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። ብሰድባት ትመልስልኛለች። ከመለሰችልኝ እስቃለሁ። ከሳቅሁ ደግሞ... ዳዶውን መልሼ አጠብቀው ነበር።»

ነፋሱ የኒሙን ቅጠል ያመሳል። ኖምብሬ የአዜታን እጅ ፈታ፤ ገመዱን ግን ወዲያው ዴልፊን ላይ ማሰር አቃተው። ኦናጃ ተቀብላው አሰረች።

«አዜታ፣ ይቅርታ» አለ ኖምብሬ።

«ዞር በል ከፊቴ፣ የአቢጃን ልጅ» አለች አዜታ። እየሮጠችም ወደ ቤቱ ገባች።

ሣጥኑን ሊያነሱ ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው ነበር። አዜታ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አትወጣም! ይቺ ሎሌዬ ናት! ማን ፈቅዶላት ነው የተኛችው? ሞተሬን ማን ሊያጥብልኝ ነው? ተነሺ አንቺ ሰነፍ፣ አንቺ ሆዳም ሳሞ!»

ከሴቶቹ አንዷ በእንባዋ መሐል ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። ለሟቿ መመለስና ሰዳቢዋን በስጦታ ከበሩ ማስለቀቅ የአጎትየው ፈንታ ነው። መምህር ድራቦ ወደ በሩ ቀረቡ።

«ልቀቂን፣ ሞሲ። የውሻ ጭንቅላት እንሰጥሻለን።»

«ጭንቅላቱን እናንተው ብሉት። እኔ...» አዜታ ወደ ሣጥኑ ሄዳ ተንበረከከች፤ ከኪሷም ደማቁን የጥፍር ቀለም አወጣች። ከሣጥኑ ክዳን እስከ ጎኑ ድረስ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረች። እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

«ይኸው» አለች ጎንበስ ብላ፣ ለሮዚን ብቻ እንደምትነግር። «ብትነቃነቂ አውቅብሻለሁ፣ አንቺ ሎሌ።»

ከዚያ ተነስታ ከበሩ ዞር አለችላቸው።