ሹክሹክ የቀረበት ሚስኮል

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ የሰማሁበት ስልክም አሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ሰዓቱ ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ቀትር። ቦታው ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ፣ የኔትወርክ ታወሩ ሥር። የታወሩ ጥበቃ ነኝ። የሚያስፈራ ነገር ሲጨልም ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ፣ አትስሙት።

መጀመሪያ ግን ክረምቱን ልንገራችሁ።

ዓመታት አልፈውታል። ክፉ ክረምት ነበር። ዝናቡ አንዴ ገብቶ አልወጣ አለ። ወደ ኮረብታው የሚያወጣው መንገድ ተናደ። የናፍጣ መኪናው መውጣት አቃተው። ናፍጣ ሲያልቅ ጀነሬተሩ ቆመ፤ ጀነሬተሩ ሲቆም ታወሩ ሞተ። ታች ከተማ ውስጥ ግድግዳ ወደቀ፣ ከብት አለቀ፣ ሰው ታመመ። ማንም ለማንም ደውሎ መናገር አልቻለም። ጉሙ አጥሩን አልፎ የጥበቃ ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር።

ሰዉ እኛን ይረግማል። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ጥበቃው ነው።

"እነዚያ ሽማግሌዎች ናፍጣውን ሸጠውት ነው" ይላሉ።

ሲመለስ ግን አመሰግናለሁ የሚል የለም።

እኛ ያልኩት እኔንና ሹክሹክን ነው።

ሹክሹክ ባልደረባዬ ነበር። ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ሄዷል፤ የቀረው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ስሙም በዚያው ወጣለት። እየተቀያየርን ነበር የምንጠብቀው። ተረኛው ሲገባ ያደረው ይወጣል። የወጣው ቤቱ ሲደርስ ለቀረው ሚስኮል ያደርጋል።

አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ፣ "ደረስኩ" ማለት ነው።

ሁለቴ ከጠራ፣ "ና፣ ድረስልኝ" ማለት ነው።

ስልኩ አይነሳም። ሚስኮል ማንሳት የሰው ሂሳብ መብላት ነው። በእኛ ዘንድ ነውር ነበር።

"ይሄ ስልክ ለእኔ ነው የተሠራው" ይለኝ ነበር ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ። "ሳልናገር ይናገርልኛል።"

ያን ቀን ጠዋት ተረኛው እኔ ነበርኩ። እሱ ሊወጣ ካፖርቱን ለበሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

"ታወሩ ሞቷል። በምን ልትደውልልኝ ነው?" አልኩት።

"ሲበራ።"

"ካልበራስ?"

ሳቀ። ሳቁም ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ዕዳ ይሁንብኝ።"

ከአጥሩ በር ወጣ። ጉሙ ዋጠው።

ናፍጣው መጣ። ታወሩ በራ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ...

አልጠራም።

ወደ ቤቱ ወረድኩ። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ገና ሳልናገር አየችኝና፣ "አንተ ጋ አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

ወደ ቤቱ የሚያስኬደው መንገድ ወንዝ ያቋርጣል። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ ፈለገ። አልተገኘም። "ወንዙ ወስዶታል" ተባለ። እኔም ብያለሁ።

ሚስቱ ብቻ አላለችም። ለቅሶም አልተቀመጠችም።

"አካሉን ሳላይ አላለቅስም" አለች።

የእሱን ወንበር ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጠች። እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል፣ "እዚያ አይደለም" ትላለች። በሩን መቀርቀር ተወች። በየቀኑ ቁጥሩ ላይ ትደውላለች። በየቀኑ ያቺ የተቀዳች ሴት፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትላታለች።

"ባሌን የደበቀችው እሷ ናት" አለችኝ አንዴ። "ድምጿን ስሰማ ያስታውቃታል።"

ስቀን ነበር። ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች።

ሰው የሞተበትን ቀብሮ ያለቅሳል፤ አልቅሶም ይተኛል። እሷ ሁለቱም ቀርቶባት ዓመታት ቆየች። ፊቷ እንደ በረሃ ድንጋይ ደረቀ።

አሁን ወደ ቀትሩ...

ዘንድሮ በበጋው፣ ፈጣን ኔትወርክ ሊገባ ነው ተባለ። ከአሮጌው ጎን አዲስ ታወር ይተከላል። ከተማው ተደሰተ። ወጣቶቹ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ልናይ ነው አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ፣ "ፈጣን ኔትወርክ ማለት ፈጣን ሐሜት ማለት ነው" አለ።

አንድ ቴክኒሻንና አንድ የሎደር ሹፌር መጡ። ቴክኒሻኑ ጨዋ ሰው ነው። ጠዋት ታወሩን አጠፋው። ከተማው በሙሉ ያለ ኔትወርክ ቀረ።

ሹፌሩ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ቁጥቋጦ መግፋት ጀመረ። ከሥሩ የዛገ ቆርቆሮ ወጣ። ከቆርቆሮው ሥር ጉድጓድ።

ቴክኒሻኑ ጎንበስ ብሎ አየው።

"የድሮ መሠረት ነው፣ አባባ። መጀመሪያ ታወሩን እዚህ ሊተክሉት ቆፍረው፣ ቦታው ሳይስማማቸው ሲቀር ሸፍነው ትተውት ይሆናል።"

እኔም አየሁት። ጥልቅ ነው። ታቹ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል። እዚህ ሳልቀጠር የተቆፈረ መሆን አለበት። አንደኛው ቆርቆሮ ጥጉ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ምንም አላሰብኩም። የእኔ ሐሳብ ከድሮም ወንዙ ላይ ነው።

"ከምሳ በኋላ በአፈር እሞላዋለሁ" አለ ሹፌሩ።

ጥላ ሥር ተቀምጠን ምሳ በላን። ሹፌሩ ስልኩን እያገላበጠ ያማርራል።

"አንድ ቀን ያለ ኔትወርክ መዋል እንዲህ ነው? እናንተ ድሮ ምን እያያችሁ ነበር የምትበሉት?"

"ምግቡን" አልኩት።

ቴክኒሻኑ ሳቀ። ሹፌሩ ተነስቶ ወደ ሎደሩ ሄደ።

ያኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ።

አንድ... ሁለት...

ተዘጋ።

ቴክኒሻኑ ማኘኩን አቆመ።

"አላርም ነው?"

"አላርም መሙላት አልችልም።"

አወጣሁት። ያችው የድሮዋ ባለቁልፍ ስልኬ ናት። መስታወቷ ላይ የተጻፈውን አየሁ።

ሹክሹክ።

ለቴክኒሻኑ አሳየሁት፤ ማን እንደሆነም በአጭሩ ነገርኩት።

"ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል" አለ። "ሌላ ሰው ተሳስቶ ነው።"

"እሺ ልጄ። ኔትወርኩስ ከየት መጣ?"

ቀና ብሎ ታወሩን አየ። መብራቱ ጠፍቷል። የራሱን ስልክ አየ።

አውራ ጣቴ ረጠበ። በዚያ ፀሐይ፣ የስልኬ መስታወት ላይ ጠብታ ውሃ አለ። ጠረግኩት። ተመልሶ ወጣ።

ጥግ ላይ አንዲት የኔትወርክ ዘንግ ቆማለች። ወደ ታወሩ ዞርኩ፤ ጠፋች። ወደ አጥሩ ዞርኩ፤ መጣች።

"ቆይ..." አለ ቴክኒሻኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቆይ አባባ። ራቅ በል እስኪ።"

ከታወሩ ራቅኩ። ሁለት ዘንግ።

"ይሄ አይሆንም" አለ። "አይሆንም..."

ከአጥሩ በር ወጣሁ። ሦስት። ቴክኒሻኑ እየተከተለኝ ነው። ወደ መንገዱ ስሄድ ቀነሰ። ወደ ቁጥቋጦው ስመለስ ጨመረ። ዘንጎቹን እያየሁ ስራመድ ድንገት እግሬ አፈር ጫፍ ላይ ቆመ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ነኝ።

ኔትወርኩ ሙሉ ነው።

ከማዶ ሎደሩ እያጓራ መጣ። አካፋው አፈር ተሞልቶ ወደ ላይ ተነስቷል። ሹፌሩ አላየኝም፤ አካፋው ጋርዶኛል። ትንሽ አፈር ከጠርዙ እየፈሰሰ ወደ ጉድጓዱ መውረድ ጀመረ።

ስልኩ ጠራ።

አንድ... ሁለት...

ሦስት...

አልተዘጋም። ሹክሹክ ከሁለት በላይ አስጠርቶ አያውቅም።

ዕድሜ ልኬን ያላደረግኩትን አደረግኩ። አነሳሁት።

ዝናብ ሰማሁ። ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ። ፀሐይ አናቴን እያቃጠለችኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይዘንባል...

ከዝናቡ ሥር ትንፋሽ መጣ።

"ታወሩ በራ?"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"አልበራም" አልኩ። እኔም በሹክሹክታ።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

"እንግዲያው ቶሎ ና... አፈር እየወረደብኝ ነው።"

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ሎደሩ ፊት፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። አካፋው ከራሴ በላይ ተንገጫገጨ፤ አፈሩ ትከሻዬ ላይ ፈሰሰ።

"ሽማግሌ! መሞት አማረህ?" ብሎ ጮኸ።

"ሰው አለ" አልኩት።

"የት?"

"ታች።"

ቴክኒሻኑ ታወር ሲወጣ የሚታጠቀውን ገመድ አስሮ ወረደ። እኔና ሹፌሩ ጫፉን ያዝን። ከታች ቅጠል ሲቆፈር ይሰማል። ከዚያ ምንም...

"ልጄ?"

"አባባ... ጫማ አለ።"

ቆርቆሮው ለሹክሹክ እንደ ምጣድ ክዳን ነው የሆነበት። ጉሙ ውስጥ ከመንገድ ወጣ፣ የዛገውን ቆርቆሮ ረገጠ፣ ቆርቆሮው ተከፍቶ አስገባውና ተመልሶ ተከደነ። ከተማው ወንዝ ለወንዝ ሲሮጥ፣ እሱ ከአጥሩ ሥር ነበር። እኔ ዓመታት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ታወሩን አልነበረም። መጮህ አይችልም። መደወል የሚችለው ታወሩ ሲበራ ነው። ሲበራ እሱ ይኑር አይኑር፣ ማን ያውቃል?

ቴክኒሻኑ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። የሹክሹክን ስልክ በመሐረብ ይዟል።

"በእጁ ይዞት ነበር" አለ።

ገለበጠው። የጀርባው ክዳን የለም። ሆዱ ባዶ ነው።

"ባትሪው የካፖርቱ ውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልሎታል። እንዳይረጥብበት መሰለኝ።" ስልኩን ወደ እኔ አቀረበ። "አባባ... ይሄ ስልክ ባትሪ የለውም።"

ሹፌሩ የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ አጠፋው።

በማግስቱ ቀበርነው። ሚስቱ አፈሩ ሲመለስ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። የዓመታቱን ሁሉ ነው ያለቀሰችው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ተበተነ። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። በመስኮቱ ፀሐይ ትገባለች። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ባዶውን ነው። በልማድ እዚያ ላይ የተቀመጠ የለም።

"አሁን እተኛለሁ፣ ወንድምዓለም" አለችኝ።

"ተኚ እህቴ።"

ልነሳ ስል ስልኬ ጠራ።

አንድ...

ሁለተኛውን ጠበቅን።

ተዘጋ።

አላየሁትም። ማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። ስልኩ ኪሴን አርጥቦታል።

"ስንት ነው?" አለች።

"አንድ።"

ዕዳውን ከፈለ።

እሷ ቀና ብላ በሩን አየች። ለቀስተኛ ሲወጣ ዘግቶታል።

"ማነው በሩን የዘጋው?" አለች፣ እንደ መቆጣት ብላ።

ተነስታ ከፈተችው። ውጭ ደረቅ አቧራ ነው። ሰው የለም። እሷ ግን የሚገባ ሰው እንደምታሳልፍ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

ከሥሩ፣ ደረቁ ወለል ላይ፣ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ...